ከስፒከሩ ወደ ማይክሮፎኑ፦ የድምፅ አምፕሊፋየርና የማጣሪያዎቹ ንድፍ

የድምፅ አምፕሊፋየር ደካማ የኤሌክትሪክ ሲግናል ተቀብሎ፣ መልኩን ሳያዛባ፣ ስፒከር ለማንቀሳቀስ ወደሚበቃ ጉልበት የሚያደርስ ሰርኪዩት ነው። ማጣሪያ ደግሞ ከዚያው ሲግናል ውስጥ የሚፈለገውን የድግግሞሽ ክልል አሳልፎ የቀረውን የሚያዳክም ክፍል ነው። ሁለቱን አጣምሮ መንደፍ ለኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች በየጊዜው የሚሰጥ የቤት ሥራ ነው። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት መስመር አይበልጥም። ለምሳሌ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ፣ ከማይክሮፎን የመጣ ንግግርን ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ባለው ክልል አጣርቶ 8 ኦም በሆነ ስፒከር ላይ ሩብ ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር እንዲነደፍ ይጠይቃል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ የብዙዎች የመጀመሪያ እርምጃ የተዘጋጀ ሰርኪዩት ፈልጎ መገልበጥ ነው። የተገለበጠው ሰርኪዩት ሊሠራም ይችላል፤ ሆኖም አንዱ ሬዚስተር ለምን 10 ኪሎኦም እንደሆነ መምህሩ ሲጠይቅ መልስ አይገኝም። በሦስቱ መስመሮች ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ግን የአብዛኞቹን ክፍሎች ዋጋ ለመወሰን ይበቃሉ። ስሌቱ የሚጀመረው ከመጨረሻው፣ ማለትም ከስፒከሩ ነው፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወደ ማይክሮፎኑ ይመለሳል።

ጥያቄውን ወደ ቁጥር መለወጥ

የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ይሰማል። ንግግርን ለመረዳት ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። የስልክ መስመሮች ለረጅም ዘመን የሠሩት ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ባለው ጠባብ ክልል ሲሆን፣ ተነጋጋሪዎች ያለ ችግር ይግባቡ ነበር። ጥያቄው ይህንኑ ክልል የመረጠው ለዚህ ነው። ከ300 በታች የኤሌክትሪክ መስመር ጉምጉምታ፣ የትንፋሽና የጠረጴዛ ንዝረት አለ፤ ከ3400 በላይ ደግሞ የሰርኪዩቱ የራሱ ሽሽታ (ኖይዝ) ይበዛል።

በስፒከሩ ላይ ያለው ኃይል የቮልቴጁ ስኩዌር ለተቃውሞው ሲካፈል የሚገኘው ነው። 0.25 ዋት በ8 ኦም ሲባዛ 2 ይሆናል፤ የ2 ስኩዌር ሩት 1.41 ነው። ስለዚህ በስፒከሩ ጫፎች መካከል 1.41 ቮልት አርኤምኤስ (ውጤታማ ዋጋ) መገኘት አለበት። የሳይን ሞገድ ከፍተኛ ጫፍ የአርኤምኤሱ 1.41 እጥፍ በመሆኑ ቮልቴጁ ወደ ላይ 2 ቮልት፣ ወደ ታችም 2 ቮልት ይወዛወዛል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ቮልት ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት በስፒከሩ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት 2 ለ8 ሲካፈል 0.25 አምፔር ነው።

ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሁለት ውሳኔዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ 4 ቮልት የሚሰፋው ውዝዋዜ በ9 ቮልት ባትሪ ውስጥ በቂ ቦታ ስላለው ሞገዱ አናቱና ሥሩ አይቆረጥም። ሁለተኛ፣ ተራ ኦፕ-አምፕ (ሲግናል የሚያጎላ ትንሽ የተቀናጀ ሰርኪዩት) የሚሰጠው ጥቂት አስር ሚሊአምፔር ብቻ ስለሆነ 250 ሚሊአምፔር ሊያወጣ አይችልም። ስለዚህ ከኦፕ-አምፑ በኋላ ለስፒከር የተሠራ የኃይል ደረጃ ያስፈልጋል።

በሌላው ጫፍ ማይክሮፎኑ አለ። በርካሽ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኘው ኤሌክትሬት ማይክሮፎን አፍ አጠገብ ሲነገርበት የሚሰጠው ጥቂት ሚሊቮልት ነው፤ ለስሌት 10 ሚሊቮልት ይያዝ። ይህ ቁጥር እንደ ማይክሮፎኑ ዓይነትና እንደ ተናጋሪው ርቀት የሚለዋወጥ ግምት ስለሆነ በሪፖርቱ ላይ እንደ ግምት መጻፍ አለበት። 1.41 ቮልት ለ0.01 ቮልት ሲካፈል 141 ይሆናል። ሰርኪዩቱ በጠቅላላ ቢያንስ 141 እጥፍ ማጉላት ይጠበቅበታል።

መሐንዲሶች ይህን ቁጥር ብዙ ጊዜ በዴሲቤል ይጽፉታል። የቮልቴጅ እጥፍ ወደ ዴሲቤል የሚለወጠው ሎጋሪዝሙን በ20 በማባዛት ሲሆን፣ 141 እጥፍ 43 ዴሲቤል ይሆናል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ተከታታይ ደረጃዎች እጥፋቸው እርስ በርሱ ሲባዛ ዴሲቤላቸው ግን ይደመራል።

ማጉላቱን ማከፋፈል

141 እጥፉን በአንድ ደረጃ ማግኘት አይቻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ያለው በኦፕ-አምፑ ዳታሺት ላይ ነው። በየገበያው በቀላሉ የሚገኘው ኤልኤም324 የማጉላት መጠኑና የሚደርስበት ድግግሞሽ ሲባዙ 1 ሜጋሄርዝ ገደማ ነው። 141 እጥፍ እንዲያጎላ ከታዘዘ ከ7 ኪሎሄርዝ በላይ አቅም ያጣል፤ ይህ ከሚፈለገው 3400 ሄርዝ ብዙም አይርቅም። 11 እጥፍ ብቻ እንዲያጎላ ከታዘዘ ግን እስከ 91 ኪሎሄርዝ ይደርሳል፤ በንግግሩ ክልል ላይ ምንም ተጽዕኖ አይኖረውም።

ለኃይል ደረጃው የሚመረጠው ኤልኤም386 ነው። ይህ ባለ ስምንት እግር አይሲ (የተቀናጀ ሰርኪዩት) ለትንንሽ ሬዲዮዎችና መሰል መሣሪያዎች ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ምንም ሳይጨመርበት 20 እጥፍ ያጎላል። በ1ኛውና በ8ኛው እግሩ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲገባ ወደ 200 እጥፍ ይደርሳል። ብዙ ተማሪዎች በዚህ ተስበው ከኃይል ደረጃው ፊት የሚገባውን ቅድመ ማጉያ ይተዉታል። ነገር ግን በአንድ ሰንሰለት ውስጥ የመጀመሪያው ደረጃ በቂ ካላጎላ፣ ከኋላ የሚመጡት ደረጃዎች የሚጨምሩት ሽሽታ ከሲግናሉ ጋር ይወዳደራል። በመጀመሪያ የጎላ ሲግናል ግን ከኋላ የሚመጣውን ሽሽታ አስቀድሞ ይበልጠዋል። ስለዚህ ኤልኤም386 በ20 እጥፉ ይቆያል፤ የቀረው ማጉላት ከፊት ይቀመጣል።

141 ለ20 ሲካፈል 7 ይሆናል። ለመጠባበቂያ 11 እጥፍ ቢመረጥ አጠቃላዩ 220 እጥፍ ወይም 46.8 ዴሲቤል ይደርሳል። ከሚፈለገው በላይ ያለው 3.9 ዴሲቤል ለድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው የሚቀር ነው፤ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ሲመጣ ያስፈልጋል።

11 እጥፉ የሚገኘው በሁለት ሬዚስተሮች ነው። ሲግናሉ ወደ ኦፕ-አምፑ አዎንታዊ መግቢያ ይገባል፤ ከመውጫው ወደ አሉታዊ መግቢያ 100 ኪሎኦም፣ ከአሉታዊ መግቢያው ወደ ማመሳከሪያ ነጥቡ (ኋላ ወደሚብራራው የባትሪው አጋማሽ) ደግሞ 10 ኪሎኦም ይያያዛል። የማጉላት መጠኑ 1 ሲደመር 100 ለ10፣ ማለትም 11 ይሆናል። የማጉላቱ መጠን የተወሰነው በአይሲው ባሕርይ ሳይሆን በሁለቱ ሬዚስተሮች ንጽጽር መሆኑ የዚህ አሠራር ዋና ጥቅም ነው።

ይህ ሐሳብ የመጣው ከስልክ ነው። በአሜሪካ አህጉር አቋራጭ የስልክ መስመሮች ላይ በተከታታይ የተተከሉት ማጉያዎች እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ እያዛቡ ድምፁን ያበላሹ ነበር። የቤል ላቦራቶሪዎች መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1927 ወደ ሥራ በጀልባ ሲሻገር፣ ከመውጫው ጥቂቱን በተቃራኒ ምልክት ወደ መግቢያው የመመለስን ዘዴ በእጁ በያዘው የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገጽ ላይ ነደፈ። ማጉያው አብዛኛውን የማጉላት አቅሙን ያጣል፤ በምትኩ ግን ወጥና የማይዛባ ይሆናል። ዛሬ አብዛኛው የኦፕ-አምፕ ሰርኪዩት በዚህ አሉታዊ ፊድባክ ላይ የቆመ ነው።

ማጣሪያው እንዴት ይሠራል?

የማጣሪያ መሠረቱ ካፓሲተር ነው። ካፓሲተር ለዝቅተኛ ድግግሞሽ ብዙ፣ ለከፍተኛ ድግግሞሽ ጥቂት ተቃውሞ ያሳያል። ሲግናሉ በሬዚስተር አልፎ ካፓሲተሩ ወደ ግራውንድ ቢያያዝ ከፍተኛው ድግግሞሽ በካፓሲተሩ በኩል ይፈሳል፤ ዝቅተኛው ብቻ ያልፋል። ቦታቸው ቢለዋወጥ ውጤቱ ይገለበጣል። የመጀመሪያው ዝቅተኛ አሳላፊ፣ ሁለተኛው ከፍተኛ አሳላፊ ማጣሪያ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር ሲደራረብ የመሐከሉን ክልል ብቻ የሚያሳልፍ ይሆናል።

የመቁረጫ ድግግሞሹ የሚገኘው 1ን ለ2 × 3.14 × ሬዚስተር × ካፓሲተር በማካፈል ነው። ለምሳሌ 4.7 ኪሎኦምና 10 ናኖፋራድ 3386 ሄርዝ ይሰጣሉ። በዚያ ነጥብ ላይ ሲግናሉ በድንገት አይጠፋም፤ ወደ 0.707 ወይም በ3 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ድግግሞሹ እጥፍ በሆነ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይወርዳል።

ይህ ቁልቁለት ይበቃል ወይ የሚለውን የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር ራሱ ይመልሳል። የመስመሩ ድግግሞሽ 50 ሄርዝ ነው፤ ከአጠገቡ ባለ ማንኛውም ሽቦ ላይ ያርፋል። በ305 ሄርዝ የሚቆርጥ ባለ አንድ ካፓሲተር ማጣሪያ ይህን ጉምጉምታ የሚቀንሰው ወደ አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። ከጉምጉምታው ስድስተኛው ቀርቶ በ220 እጥፍ ከጎላ ጆሮ በግልጽ ይሰማዋል። ሁለት ካፓሲተሮች ባሉት የሁለተኛ ደረጃ ማጣሪያ ግን ቁልቁለቱ በእጥፍ ድግግሞሽ 12 ዴሲቤል ስለሚሆን፣ ያው 50 ሄርዝ ወደ አንድ ሠላሳ ሰባተኛ ይወርዳል፤ 31 ዴሲቤል ማለት ነው።

ሁለት ተራ የሬዚስተርና የካፓሲተር ማጣሪያዎችን በተከታታይ ማያያዝ ቁልቁለቱን ይሰጣል፤ መታጠፊያው ግን የላላ ይሆናል። የማሳለፊያው ክልል ጠርዝ ሳይደርስ አስቀድሞ ማዘቅዘቅ ይጀምራል። ሁለተኛው ማጣሪያ የመጀመሪያውን ስለሚጭነውም ስሌቱ ይዛባል። ይህን ያስወገዱት በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሊንከን ላቦራቶሪ የሠሩት ሳለንና ኪ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተሙት ጥናት በአንድ ማጉያ፣ በሁለት ሬዚስተሮችና በሁለት ካፓሲተሮች የሚሠራ ማጣሪያ አቀረቡ። ከካፓሲተሮቹ አንዱ ወደ ግራውንድ ሳይሆን ወደ ማጉያው መውጫ ስለሚያያዝ፣ መታጠፊያው ላይ ሲግናሉን ትንሽ ይደግፈዋል።

የድጋፉ መጠን ኪው በሚባል ቁጥር ይገለጻል። ኪው 0.707 ሲሆን ክልሉ እስከ ጠርዙ ድረስ ያለ ጉብታ ዝርግ ሆኖ ይቆያል። ይህን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1930 ያሳየው እንግሊዛዊው ስቲቨን በተርዎርዝ ነው፤ ማጣሪያውም በስሙ ይጠራል። ኪው ከዚህ ከበለጠ ጠርዙ ላይ ጉብታ ይወጣና ድምፁ ይጮኻል፤ ካነሰ ደግሞ አስቀድሞ ይደክማል።

የማጣሪያዎቹ ዋጋ

ዝቅተኛ አሳላፊው ሁለት እኩል ሬዚስተሮች በተከታታይ ወደ ኦፕ-አምፑ አዎንታዊ መግቢያ የሚደርሱበት ነው። የኦፕ-አምፑ መውጫ በቀጥታ ከአሉታዊ መግቢያው ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ ማጉላቱ 1 ነው። በሁለቱ ሬዚስተሮች መካከል ካለው ነጥብ አንድ ካፓሲተር ወደ መውጫው ይሄዳል፤ ሌላው ካፓሲተር ከአዎንታዊ መግቢያው ወደ ማመሳከሪያው ይወርዳል። ኪው 0.707 እንዲሆን ወደ መውጫው የሚሄደው ከሌላው በትክክል እጥፍ መሆን አለበት።

በገበያ ላይ ካሉት ዋጋዎች 10 ናኖፋራድና 4.7 ናኖፋራድ ለዚህ ቅርብ ናቸው። ሁለቱ ሲባዙና ስኩዌር ሩታቸው ሲወጣ 6.86 ናኖፋራድ ይሆናል። ለ3400 ሄርዝ የሚያስፈልገው ሬዚስተር በስሌት 6828 ኦም ነው፤ የሚገኘው 6.8 ኪሎኦም ሲተካ የመቁረጫው ድግግሞሽ 3414 ሄርዝ፣ ኪው ደግሞ 0.73 ይሆናል። ልዩነቱ በጆሮ የሚታወቅ አይደለም።

በከፍተኛ አሳላፊው ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሁለት እኩል 47 ናኖፋራድ ካፓሲተሮች በተከታታይ ይሰለፋሉ፤ ከመካከላቸው 8.2 ኪሎኦም ወደ መውጫው፣ ከአዎንታዊ መግቢያው 15 ኪሎኦም ወደ ማመሳከሪያው ይያያዛል። ውጤቱ 305 ሄርዝና 0.68 ኪው ነው። ትክክለኛው እጥፍ 16.4 ኪሎኦም ነበር፤ ነገር ግን በብዛት በሚሸጡት የሬዚስተር ዋጋዎች ውስጥ ቅርቡ 15 ነው።

የቀረው ጥያቄ ቅደም ተከተሉ ነው። ማጣሪያዎቹ ከቅድመ ማጉያው በኋላና ከኃይል ደረጃው በፊት ይቀመጣሉ። ከሁለቱ መጀመሪያ የሚመጣው ከፍተኛ አሳላፊው ነው፤ የትንፋሽና የንዝረት ግፊት ሌሎቹን ደረጃዎች ሳያጨናንቅ በጊዜ ይወገዳል። ዝቅተኛ አሳላፊው መጨረሻ ላይ ሲሆን ከእሱ በፊት ያሉት ኦፕ-አምፖች የፈጠሩትን ሽሽታም አብሮ ይቆርጣል። ማጣሪያ የሚያስወግደው ከእሱ በፊት የገባውን ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በኃይል ደረጃው ላይ በኃይል አቅርቦት መስመሩ በኩል የገባ ጉምጉምታ ማጣሪያዎቹን ስለማያልፍ በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ይወጣል።

አንድ ባትሪ፣ ሁለት አቅጣጫ

የድምፅ ሲግናል ከዜሮ በላይና በታች ይወዛወዛል፤ የ9 ቮልት ባትሪ ግን ከዜሮ በታች የሚሰጠው የለም። መፍትሔው የባትሪውን አጋማሽ፣ 4.5 ቮልትን፣ እንደ ዜሮ መቁጠር ነው። ሁለት እኩል 10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ባትሪውን ለሁለት ይከፍሉታል፤ መካከለኛው ነጥብ ላይ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ ሲያያዝ ነጥቡ ይረጋጋል። ኤልኤም324 አራት ኦፕ-አምፖችን በአንድ አካል ስለያዘ ሥራው በልክ ይከፋፈላል። አንዱ ቅድመ ማጉያ፣ ሁለቱ ማጣሪያዎች ይሆናሉ፤ አራተኛው የ4.5 ቮልቱን ነጥብ ተቀብሎ ለሌሎቹ ሳይዋዥቅ ያቀርባል። እስካሁን ማመሳከሪያ የተባለው ይኸው ነጥብ ነው።

ኤልኤም324 ከ3 ቮልት ጀምሮ ስለሚሠራ ባትሪው ሲደክም አያቆምም። አንድ የታወቀ ድክመት ግን አለው። መውጫው ከረንት ከመስጠት ወደ መቀበል ሲሻገር ሞገዱ ላይ ትንሽ ስብራት ይፈጥራል። ሲግናል በሚያልፍባቸው መውጫዎች ላይ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ቢጨመር መውጫው ሁልጊዜ ሰጪ ብቻ ሆኖ ይቆያል፤ ስብራቱም ይጠፋል።

ማይክሮፎኑ ራሱ ከረንት ይፈልጋል፤ ይህም በ2.2 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል ይሰጠዋል። ከዚያ በፊት በኃይል አቅርቦት መስመሩ ላይ 1 ኪሎኦምና 100 ማይክሮፋራድ ካልገቡ፣ የባትሪው መወዛወዝ በማይክሮፎኑ በኩል ገብቶ 220 እጥፍ ይጎላል። ከማይክሮፎኑ ወደ ቅድመ ማጉያው 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ያሻግራል፤ የኦፕ-አምፑ መግቢያም በ100 ኪሎኦም ወደ 4.5 ቮልቱ ይያዛል። እነዚህ ሁለቱ ሳይታሰብ በ16 ሄርዝ የሚቆርጥ ማጣሪያ ናቸው፤ ከ300 እጅግ ስለሚያንስ ጉዳት የለውም። ከማጣሪያዎቹ ወደ ድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው የሚያሻግረው 1 ማይክሮፋራድም ከ10 ኪሎኦሙ ፖቴንሺዮሜትር ጋር በዚያው በ16 ሄርዝ ይቆርጣል።

የኃይል ደረጃው

የኤልኤም386 መውጫም በባትሪው አጋማሽ ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ስፒከሩ በቀጥታ አይያያዝም። 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በመካከል ይገባል። ይህም ከ8 ኦሙ ጋር ሆኖ በ90 ሄርዝ የሚቆርጥ ማጣሪያ ነው። ለንግግር በቂ ቢሆንም በ305 ሄርዝ ላይ ወደ 0.4 ዴሲቤል ያህል ይጎድላል። ሙዚቃን እስከ 20 ሄርዝ ለማውረድ 1000 ማይክሮፋራድ ያስፈልግ ነበር።

በመውጫው ላይ ከ10 ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ የተያያዘ 47 ናኖፋራድ ወደ ግራውንድ ይወርዳል። ስፒከር በከፍተኛ ድግግሞሽ ላይ እንደ ጥቅል ሽቦ ስለሚሆን አይሲው በማይሰማ ድግግሞሽ በራሱ ሊወዛወዝ ይችላል፤ እነዚህ ሁለት ክፍሎች ያንን ይከላከላሉ። በ7ኛው እግር ላይ የሚገባ 10 ማይክሮፋራድ ከባትሪው የሚመጣውን ረብሻ ይቀንሳል።

ሙቀቱም መሰላት አለበት። በሙሉ ድምፅ ከባትሪው የሚወጣው አማካይ ከረንት 0.25 ለ3.14 ሲካፈል 0.08 አምፔር ነው። በ9 ቮልት ሲባዛ 0.72 ዋት ይሆናል፤ ሩብ ዋቱ ወደ ስፒከሩ ሲሄድ የቀረው፣ አይሲው ያለ ሥራ ከሚወስደው ጥቂት ሚሊአምፔር ጋር ተደምሮ፣ 0.5 ዋት ገደማ ሙቀት ይሆናል። ዳታሺቱ ለባለ ስምንት እግሩ ትልቁ አካል የሚፈቅደው 1.25 ዋት ስለሆነ ማቀዝቀዣ ብረት አያስፈልግም።

ከወረቀት ወደ ብሬድቦርድ

ከመገጣጠሙ በፊት ሰርኪዩቱ በኮምፒውተር ይሞከራል። ኤልቲስፓይስ በነፃ የሚገኝ ሲሆን መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የተሠራው ስፓይስ ነው፤ ፕሮቲየስና መልቲሲምም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ድግግሞሹን ከ10 ሄርዝ እስከ 100 ኪሎሄርዝ እያንሸራተቱ የማጉላት መጠኑን መሳል ነው። ኩርባው ከ305 በታችና ከ3414 በላይ እየተዳፋ መሐሉ ዝርግ ከሆነ ስሌቱ ትክክል ነው። ሁለተኛው ሙከራ 1 ኪሎሄርዝ ሞገድ አስገብቶ በመውጫው ላይ መቆረጥ አለመኖሩን ማየት ነው።

በብሬድቦርድ ላይ ግን ኮምፒውተሩ ያላሳየው ነገር ይመጣል። በኃይል ደረጃው ግራውንድ ላይ 0.25 አምፔር ይመላለሳል። ያ ሽቦ ከነመጋጠሚያው 0.05 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖረው 12.5 ሚሊቮልት ይፈጠርበታል፤ ይህ ከማይክሮፎኑ ሲግናል ራሱ ይበልጣል። ማይክሮፎኑ ያንኑ ሽቦ ከተጋራ ሰርኪዩቱ የራሱን መውጫ እንደ መግቢያ ወስዶ ያፏጫል። ስለዚህ የማይክሮፎኑ፣ የማጣሪያዎቹና የስፒከሩ ግራውንድ በየራሳቸው ሽቦ መጥተው በባትሪው አጠገብ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ይገናኛሉ። በእያንዳንዱ አይሲ የኃይል አቅርቦት እግር ሥር 100 ናኖፋራድ፣ ከኤልኤም386 አጠገብ ደግሞ 220 ማይክሮፋራድ ይቀመጣል። ማይክሮፎኑና ስፒከሩ ፊት ለፊት ከተያዩ ግን ፉጨቱ በአየር በኩል ይመጣል፤ እሱን የሚያጠፋው ርቀት ወይም የድምፁን መጠን መቀነስ ነው።

መለካት የሚጀመረው ያለ ሲግናል ነው። በመልቲሜትር ሲታይ የአራቱም ኦፕ-አምፖች መውጫ፣ ማለትም የኤልኤም324 1ኛ፣ 7ኛ፣ 8ኛና 14ኛ እግሮች፣ እንዲሁም የኤልኤም386 5ኛ እግር 4.5 ቮልት አካባቢ መሆን አለባቸው። ከዚህ የራቀ እግር ስህተቱ የት እንዳለ ይጠቁማል። ቀጥሎ በስፒከሩ ቦታ 8.2 ኦም፣ 1 ዋት ሬዚስተር ይገባል። ማይክሮፎኑም ይነሳና በቦታው ሲግናል ጄኔሬተር ይያያዛል። 10 ሚሊቮልት በቀጥታ ለማግኘት ስለሚያስቸግር ከ1 ቮልት በ10 ኪሎኦምና በ100 ኦም ተከፋፍሎ 9.9 ሚሊቮልት ይወሰዳል። ድግግሞሹ እየተለወጠ መውጫው በኦሲሎስኮፕ ይነበባል። ከ1000 ሄርዝ ጋር ሲነጻጸር በ50 ሄርዝ ወደ 31፣ በ10,000 ሄርዝ ወደ 19 ዴሲቤል ዝቅታ ከማጣሪያዎቹ ይጠበቃል፤ በ50 ሄርዝ ላይ የመውጫው ካፓሲተር ጥቂት ዴሲቤል ተጨማሪ ይቀንሳል።

የሚለካው ከተሰላው ጋር በትክክል አይገጥምም። ባለ ወርቃማ ቀለበት ሬዚስተር 5 በመቶ፣ ተራ ካፓሲተር 10 በመቶ ከተጻፈበት ሊርቅ ይችላል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ቢስቱ 3414 ሄርዙ ከ2950 እስከ 3990 ባለው ክልል የትም ሊያርፍ ይችላል። ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ ካፓሲተር ከዚህም ሊብስ ይችላል። በዝቅተኛው ጠርዝ ደግሞ መለያየቱ በስሌት የታወቀ ምክንያት አለው፤ ኪው 0.68 በመሆኑ በ305 ሄርዝ ላይ ዝቅታው 3 ሳይሆን 3.4 ዴሲቤል ነው፤ የመውጫው ካፓሲተር 0.4 ሲጨምርበት 3.8 ይደርሳል።

ስለዚህ ለመምህሩ የሚቀርበው ሪፖርት ሥዕሉን ብቻ መያዝ የለበትም። ከስፒከሩ ተነስቶ እስከ ማይክሮፎኑ የተሄደበትን ስሌት፣ የተወሰዱትን ግምቶች፣ በስሌት የወጣውንና በገበያ የተገኘውን ዋጋ ጎን ለጎን፣ እንዲሁም የተሰላውን፣ በኮምፒውተር የተገኘውንና የተለካውን የድግግሞሽ ኩርባ በአንድ ግራፍ ላይ ያሳያል። ሦስቱ ኩርባዎች በተለያዩበት ቦታ ሁሉ ምክንያቱ ከሬዚስተርና ከካፓሲተር መዛነፍ፣ ከኪው ወይም ከማሻገሪያ ካፓሲተሮች ጋር ተያይዞ በቁጥር ሲብራራ የቤት ሥራው ተሟልቷል።